የኸለፍ ድምፅ በሌላ እጅ

ባሌ ኸለፍ ከሞተ በኋላም ቤቴ ውስጥ ማውራቱን አላቆመም ነበር። እሱም እንደ እኔ ዓይነ ስውር ነበር። ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈውን በስዋሂሊ የሚያነብ ፕሮግራም ሠርቶ የገዛ ድምፁን ሰጠው። ከሞምባሳ እስከ ላሙ ያለ ዓይነ ስውር ከእሱ ድረ ገጽ በነፃ እያወረደ ይጠቀምበታል።

ፕሮግራሙ መታደስ ሲኖርበት «ሆዲ!» ይላል፣ ደጅ እንደቆመ እንግዳ። «ካሪቡ» ካልተባለ አይገባም። ሳያስፈቅዱ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው ብሎ ኸለፍ ነው እንዲህ ያደረገው። እኛ ጋ ደግሞ «ሆዲ» ሲባል «ካሪቡ» ከአፍ ያመልጣል፤ ማነህ ብሎ የሚያጣራ የለም። አንድ ቀን ዓሣ እየጠበስኩ ሳለ «ሆዲ!» አለኝ፤ «ካሪቡ» አልኩት።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ኮምፒዩተሩን ሳልነካው ማንበብ ጀመረ። የደብዳቤዎቼን ስም ይጠራል። «ናስራ... ሹዔብ... ሆስፒታል...» ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ሰው ቁም ሳጥኔን እየበረበረ ያገኘውን በባሌ አፍ የሚነግረኝ መሰለኝ። ፈራሁ።

የባሌን ወንድም ሹዔብን አስጠራሁት።

«ማማ ናስራ፣ ማንን ነው ያስገባሽው?» አለኝ፤ ሁሉም በልጄ ስም ነው የሚጠራኝ።

«አንተን ነዋ! የምታድሰው አንተ አይደለህ?»

«ከረመዳን ወዲህ ነክቼው አላውቅም።» ጥቂት ሲነካካ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌቦች የድረ ገጹን ስም ሰርቀውናል። የቤት ቁጥራችንን ነቅለው የራሳቸው በር ላይ ለጥፈውታል በይው። ኸለፍ ጋ እሄዳለሁ ያለ ሁሉ እነሱ ጋ ነው የሚደርሰው።»

«ድምፁስ?»

«እሱንም አብሬ ካላጠፋሁ ኮምፒዩተሩ አይጸዳም።»

«ሌሎች ተጠቃሚዎች ጋ ይኖራል።»

«ያልታደሰ አይኖርም። ሆዲ ሲባል ዝም የሚል ማን አለ?»

ዋናው ቅጂ ያለው እዚሁ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ሌላ ሰው እንዲያጠፋው አልፈለግሁም። ሹዔብ ጣቴን ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ዙዌና» አለ ድምፁ። «እባክሽ አታጥፊኝ።»

ሹዔብ ከወንበሩ ተነሣ። «እነሱ ናቸው የሚጽፉት። እየሰሙን ነው።»

ኸለፍ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ማማ ናስራ እንጂ በስሜ ዙዌና ብሎኝ አያውቅም። እሱ እንዳልሆነ አውቄአለሁ። ግን ስሜን በእሱ ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንዴ ይድገምልኝ ብዬ ተመኘሁ። አፈርኩ። ከዚያ ተጫንኩት።

ቤቱ ጭር አለ። ማልቀሱን ለኋላ ትቼ ስልኬን አነሣሁና ከሚጠቀሙበት ለማውቃቸው ሁሉ አንድ በአንድ ደወልኩ። «ኸለፍን አጥፉት፤ ቢለምናችሁም አትስሙት» አልኳቸው። በመጨረሻ የደወልኩት ማሊንዲ ላሉት ሽማግሌ፣ ለምዜ ፋኪ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ «ትናንት የይለፍ ቃልዎን ይንገሩኝ አለኝ፤ ነገርኩት። ኸለፍን እንዴት እምቢ እላለሁ?»