ቀይ ማሰሪያው

ቱኒዚያ፣ ስፋክስ ከተማ ባለው የሕክምና መለማመጃ ክፍል አልጋ ላይ የተኛችው ታማሚ የጎማ አሻንጉሊት ነበረች። እንደ ሰው ትተነፍሳለች፤ ታቃስታለች። የተማሪዎቹን ቡድን የሚመራው የሕክምና ተማሪው ዙሄር፣ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ እንደገባ ፈጥኖ ተረዳና "ፔኒሲሊን ስጧት" አለ።

የነርስ ተማሪዋ ሲሪን አሻንጉሊቷ እጅ ላይ ቀይ ማሰሪያ አየች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ተጽፎበታል። "ቀይ አስራለች እኮ" አለች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል ቀስ ብላ። የሰማት የለም። መድኃኒቱ ተሰጠ። ብዙም ሳይቆይ የአሻንጉሊቷ ትንፋሽ ቆመ፤ ደረቷን ደጋግመው ቢጫኑም አልተመለሰችም።

አስተማሪያቸው ማዳም ሙንጂያ አልተቆጡም። "በሉ፣ ባሏ ውጭ እየጠበቀ ነው። ሁላችሁም ሄዳችሁ ንገሩት" አሏቸው።

ባልየውን ሆነው የሚጫወቱት ጡረታ የወጡ ተዋናይ ነበሩ። ዙሄር "አባባ፣ የምንችለውን ሁሉ አድርገናል" ብሎ ጀመረ።

"አላደረግንም" አለች ሲሪን። "እኔ አይቼ ነበር። ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።"

ዙሄር ዞሮ አያት። "እኔም አልጠየቅኩም" አለ። "ብትነግሪኝስ እሰማሽ ነበር? እንጃ።"

ሽማግሌው ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አልነበራቸውም። ተነስተው የሁለቱንም ትከሻ ያዙና "አላህ ያበርታችሁ፣ ልጆቼ" አሉ።

በማግስቱ ሌላ የአሻንጉሊት ታማሚ ተሰጣቸው። ዙሄር መርፌውን እንዳነሳ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "ያያችሁት ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ" አለ።

ሲሪን ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

"ዙሄር፣ ቆይ" አለች ሲሪን፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

መርፌውን አስቀምጦ አዳመጣት።