ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ብሎኖች

ሰፈሩ ሁሉ «ወስፌ» ይላታል። አንድም ቆዳ የምትበሳበት ወስፌ ከእጇ ስለማይለይ፣ አንድም ምላሷ ከመሣሪያዋ ስለማይተናነስ። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ መካኒኩ ነው። እሷም ዝም አላለችውም፤ ሞተር ሲነዳ እግረኛ ጥሎት ስለሚሄድ «ጋሽ ፍሬን» አለችው፤ እሱም በዚያው ቀረ።

ሱቃቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። በእሱ በኩል ቤንዚንና የጋለ ብረት፣ በእሷ በኩል ቆዳና ሰም ይሸታል። ቀበቶ ትሠራለች፣ የትከሻ ቦርሳ ትሠራለች፣ ለአናጺ የመዶሻ ማንገቻ፣ ለውሻ የአንገት ማሰሪያ ትሠራለች። ስሟን ያስጠራው ግን የሞተር ወንበር ነው። ደንበኛ ሲመጣ እርጥብ አሸዋ የሞላ ሰፊ ሳፋ ላይ ጨርቅ አንጥፋ ታስቀምጠዋለች። ሲነሳ የቀረውን ጎድጓዳ በመዳፏ እየዳበሰች በየትኛው ጎኑ እንደሚከብድ፣ ወገቡን በየት በኩል እንደሚያመው ትነግረዋለች። «ሰው በፊቱ ይዋሻል፣ በመቀመጫው ግን አይዋሽም» ትላለች። ይህን ሁሉ ወንበር ስትሠራ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ የሚሄድ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። ትፈራለች። «ምነው?» ሲሏት፣ «የሬሳ ሳጥን የሚሠራውስ መቼ ገብቶ ሞከረው?» ብላ ታልፋለች።

የዚያን ቀን ጠዋት አስተማሪውና ሚስቱ ወንበራቸውን አስገጥመው ሄዱ። አስተማሪው ረጋ ያለ፣ ትንሽ ነገር የሚያስደነግጠው ወጣት ነው። ሚስቱ ሆዷ ገፍቷል፤ ተራራውን ተሻግራ እናቷ ቤት ልትወልድ መሄዷ ነበር። አውቶቡስ እንደሆነ ገና በሩ ሲከፈት ያስመልሳታል። «በሞተር? በዚህ ሆድ?» ብላ ወስፌ ብትቆጣም ልጅቱ ፍንክች አላለችም። ስለዚህ ወስፌ የምታውቀውን ሁሉ ወንበሩ ላይ አፈሰሰችው። ኋላውን አሰፋችው፣ ስፖንጁን ከላይ ለስላሳ ከሥር ጠንከር ያለ አደረገችው፣ ወገብ የሚደግፍ ጀርባ አበጀችለት፣ ስፌቱን ጭን እንዳይነካ ወደ ታች ሰወረችው። ልጅቱ ስትቀመጥበት ዐይኗን ጨፍና፣ «እትዬ፣ ቤቴም እንዲህ ያለ ወንበር የለኝ» አለች።

ከሄዱ በኋላ ወስፌ ጠረጴዛዋን ልታጸዳ ቁርጥራጭ ቆዳውን ስታነሳሳ፣ ከአንዱ ቅዳጅ ሥር ሁለት ብሎኖች ኮለል ብለው ወጡ።

መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። ወደ ብሎን ጣሳዋ ልትጥላቸው እጇን ዘረጋችና እጇ አየር ላይ ቀረ። ያ ወንበር ከፊት በኩል ምላስ በመሰለች ብረት ብቻ ነው ሞተሩ ላይ የሚሰካው። ከኋላ የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው።

ጠዋት ብሎኖቹን ልታጠብቅ ጎንበስ ብላ ሳለ አንድ ደንበኛ ከበር ላይ «የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ!» ብሎ ጮኸባት። ወጣች፣ ተከራከረች፣ እንደ ልማዷም ረታችው። ስትመለስ ልጅቱ ወንበሩ ላይ ሆና ትስቃለች፣ አስተማሪው ሞተሩን አስነስቷል። ከዚያስ? የብሎን ቁልፉን አንስታ ነበር ወይስ አላነሳችም? እጇን አየችው። እጅ አይናገር።

«ትርፍ ይሆናሉ» አለች ጮክ ብላ፤ ሱቁ ውስጥ ግን የሚሰማት አልነበረም። ጣሳውን ገለበጠችው። የዚያ ዓይነት ብሎን ሞልቷል፤ የቱ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? ስልክ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሄልሜት ያጠለቀ ሰው መቼ ይሰማል? ደግማ ስትደውል ጭራሹን መጥራቱንም ተወ።

ዝም ብትልስ? ምናልባት አጥብቃዋለች። ምናልባት በደህና ይደርሳሉ፣ እሷም በከንቱ ራሷን ታሳጣለች። ወዲያው ግን የተራራው ዳገት ታያት። ዳገት ላይ የሰው ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ሆዷን ደግሞ አሰበችው። ብሎኖቹን ጨብጣ እየሮጠች ወጣች።

«ጋሽ ፍሬን! ጋሽ ፍሬን!»

«ምነው፣ ቤት ተቃጠለ?»

«እነዚህን እያቸው እስቲ!»

መካኒኩ አገላበጣቸው። «ብሎን ናቸው።»

«ብሎንነታቸውንማ ዕውርም ያውቀዋል! የአስተማሪው ናቸው ወይ?»

«የሱ ሞተር ልክ ይሄ ነው። የግማሹ ከተማም ልክ ይሄው ነው…» ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ቀልዱ ከአፉ ጠፋ። «አላጠበቅሽውም እንዴ?»

«አላውቅም። አላውቅም እኮ ነው የምልህ!»

እጁን በጨርቅ ጠረገና ሞተሩን ከጥግ ጎትቶ አወጣ። «ታክሲ ያንን ተራራ አይወጣም። ውጪ ከኋላዬ።»

«እኔ? አንተ ብቻህን ሂድ!»

«ወንበሩን የሠራሽው አንቺ። ብሎኑ በየት በኩል እንደሚገባ የምታውቂው አንቺ። ውጪ!»

ወጣች። የጋሽ ፍሬንን ጃኬት በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ዐይኗን ጨፈነች። ሞተሩ ሲነሳ ነፍሷ ሱቋ በር ላይ የቀረች መሰላት።

ጥቂት እንደሄዱ ግን ፍርሃቷን ሌላ ፍርሃት ዋጠው።

«ንዳ እንጂ!»

«እየነዳሁ ነው!»

«ይሄ መንዳት ነው? አሮጊት በከዘራ ትቀድመናለች!»

«ዐይንሽን ሳትገልጪ በምን አየሽው?»

ከከተማው መውጫ ያለው ማደያ ላይ ቆሙ። ቤንዚን ቀጂው ባልና ሚስቱን ወዲያው አስታወሳቸው። «ነፍሰ ጡሯን የያዘው? አዎ፣ ቀድተው ሄዱ። እንዲያውም ልጅቷ ‹ከኋላ ትንሽ ይነቃነቃል› ስትለው ሰምቻለሁ። ‹አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲለመድ ይረጋል› አላት።»

ወስፌ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ «ምናልባት» የምትላት ቃል ነበረቻት፤ አሁን እሷም ተወሰደችባት። ጋሽ ፍሬን ሞተሩን አስነሳ፤ እንደዚያን ቀን ሲነዳ አይታው አታውቅም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ ኩርባ ሲዞሩ ሰው ተሰብስቧል። አንድ የጭነት መኪና ተንጋዶ ቆሟል፤ ከጎኑ አስፋልቱ ቀልቷል። ወስፌ ጃኬቱን ከኋላ ጎትታ አስቆመችው። ከሞተሩ ስትወርድ አዳለጣት፤ በእጇ መሬት ያዘች። መዳፏ ላይ የተጣበቀውን ስታየው ቲማቲም ነው። የመኪናው ጎማ ፈንድቶ፣ ሣጥኖቹ ተንደው ቲማቲሙ መንገዱን ሞልቶታል። ሾፌሩ ጎማ እየቀየረ፣ «ሞተር? አዎ፣ አንድ ባልና ሚስት አሁን ወደ ላይ አለፉ» አላቸው።

ከዚያ ጥቂት ከፍ ብለው አገኟቸው። ሞተሩ በጎኑ ተኝቷል። ወንበሩ መንገዱ መሃል ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተገልብጧል። ልጅቱ ከመንገዱ ዳር ሳሩ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው። ክርኗ ተልጧል። አስተማሪው ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ያለቅሳል።

ወስፌን ሲያያት ከየት መጣሽ እንኳ አላላትም። «እትዬ፣ እኔ ነኝ! ሻንጣውን ከኋላ አብዝቼ የጫንኩት እኔ ነኝ! ይነቃነቃል ስትለኝ አልሰማኋትም። ሥራሽንም አበላሸሁት፣ እሷንም… እሷንም…»

ብሎኖቹ አሁንም በጭብጧ ውስጥ ነበሩ፤ ጥርሳቸው መዳፏን ይወጋታል። አስተማሪው ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶታል። ማንም አልጠየቃትም። ጋሽ ፍሬን አንዴ አያትና ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ። እሱ እንደማይናገር አወቀች፤ ማወቋ ግን ይበልጥ አስጨነቃት።

«ሻንጣው አይደለም፣ የኔ ልጅ» አለች። መዳፏን ዘረጋች። «እነዚህን ሳላጠብቅ ጠረጴዛዬ ላይ ትቻቸው ነው። ወንበሩን የያዘው ነገር አልነበረም።»

አስተማሪው ብሎኖቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ነገሩ ቶሎ አልገባውም። ሚስቱ ግን ገብቷታል። ወስፌን ትክ ብላ አየቻትና፣ ለራሷ እንደምታወራ በቀስታ፣ «ልጄ አልተንቀሳቀሰም» አለች። «ከወደቅኩ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።»

ጋሽ ፍሬን ከተራራው ጫፍ ጤና ጣቢያ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ቁልቁል በርሮ ሄዶ ጎማውን ቀይሮ የጨረሰውን የቲማቲሙን ሾፌር ከነመኪናው ይዞት መጣ። ልጅቱን ደግፈው ጋቢናው ውስጥ አስገቧት። መኪናው አሮጌ፣ መቀመጫው ብረቱ የወጣ ነው። አስተማሪው ተከትሎ ሊገባ ሲል ሚስቱ እጇን አነሳች።

«አንተ አይደለህም። አንተ እየተንቀጠቀጥክ ነው። እሷ ትግባ።»

ወስፌ ገባች፤ ሌሎቹ የወደቀውን ሞተርና ወንበሩን ከኋላ ጫኑ፣ አስተማሪው ከጋሽ ፍሬን ጋር በሞተር ተከተለ። ጎኗን ከበሩ አስደግፋ ልጅቱን ከኋላ በሁለት ክንዷ አቀፈቻት፣ ጀርባዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች። መንገዱ ባነጠረ ቁጥር መጀመሪያ እሷ እንድትመታ ሰውነቷን ታጠነክራለች። ልጅቱ ከበዳት፤ ክብደቷ ከአሸዋው ላይ የምታውቀው ክብደት ነው፣ ወደ ግራ ዘንበል የሚል። ስለዚህ በግራ በኩል ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። ወስፌ የምትሰማው የልጅቱን ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ሲቆይባት የራሷም አብሮ ይቆማል።

ጤና ጣቢያው ጠባብ ኮሪደር ያለው፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ቀለም የተቀባ ቤት ነው። ነርሷ ልጅቱን አስገብታ በሩን ዘጋችው። አስተማሪው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ወስፌ መቀመጥ አቃታት። በሩን፣ ከበሩ ሥር የሚታየውን የነርሷን ጫማ፣ ደግሞ በሩን ታያለች። ጫማው ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል፣ ይቆማል። ለምን ቆመ? ጋሽ ፍሬን ውሃ አምጥቶላት ነበር፤ ኩባያውን እንደያዘች ረሳችው።

በመጨረሻ ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። ከማሽን የሚወጣ፣ እንደ ሩቅ ፈረስ ኮቴ የሚደበድብ፣ ፈጣን። ድፍ ድፍ ድፍ። አስተማሪው ብድግ አለ። ነርሷ በሩን ከፍታ፣ «ደህና ነው፤ እናንተ እንጂ እሱ አልደነገጠም። ግን ዛሬ እዚህ ታድራለች» አለች።

ወስፌ ከበሩ ሳታልፍ አንገቷን ብቻ አስገባች። ልጅቱ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች።

«እትዬ» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «ዛሬ ይቅር በይኝ እንዳትዪኝ። ዛሬ አልችልም።»

«አልልሽም።»

«ደግፈሽ ስላመጣሽኝ ግን…» አለችና ሐሳቧን ሳትጨርስ ዐይኗን ጨፈነች።

ውጪ ወንበሩን መልሳ ገጠመችው። ራሷ አጠበቀች፤ ቀጥሎ ቁልፉን ለጋሽ ፍሬን ሰጠችው፣ ቀጥሎ ለአስተማሪው። ሦስቱም ካጠበቁት በኋላ ተመልሳ በጣቷ ነካካችው። አላመነችውም። መዳፏ ላይ የብሎን ጥርስ የተወው ቀይ ምልክት ለቀናት አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች። መርፌ ስታሾልክ ክሩ ይስታታል። ወንበር ስትገጥም አንድ ሰው «እትዬ ወስፌ» ብሎ ቢጠራት ቁልፉን ሳትለቅ፣ «ቁም እዚያው! አፍህንም ዝጋ!» ትላለች። ደንበኛ ተቀይሞ ሄደ፤ ይሂድ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሸጠችው ወንበር ሁሉ ዐይኗ ላይ ይመጣና፣ መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው አስቁማ ከወንበሩ ሥር ስታይ ጋሽ ፍሬን ጎትቶ ያስገባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት አስተማሪው ደወለ። «ሴት ናት!» አለ፤ ይስቃል ወይ ያለቅሳል አይለይም። ስልኩ ከእጁ ተወሰደ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። ከኋላዋ ሕፃን ትነጫነጫለች። «ወንበሩን ከሞተሩ አስፈትቼዋለሁ።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ወስፌ።

«ሣጥን ላይ አስቀምጬው እያጠባሁበት ነው። ወገቤን እሱ ነው የያዘልኝ። እናቴ ልትቀመጥበት ስትል አባረርኳት። ሞተር ላይ ግን መቼም አይመለስም፣ ልንገርሽ!»

«አይመለስ የኔ እናት፣ አይመለስ።»

«በይ ጮኸችብኝ» አለችና ዘጋችው።

ወስፌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፊት ለፊቷ ገና ያልተቀባ፣ ያልተሰፋ ንጹሕ ቆዳ ተዘርግቶ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቆዳ ጠብታ ካረፈበት ጠባሳው አይለቅም። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ አገጯ ላይ የደረሰውን እንባ በክንዷ ጠረገችው።