«ቆይ» እስኪል ማንበብ

ልብስ ሰፊው ከሐኪም ቤት የተመለሰ ቀን፣ ከሰውነቱ ግራ እጁና ግራ እግሩ፣ ከቃላቱ ሁሉ ደግሞ አንዲት «ቆይ» ብቻ ተርፋለት መጣ። ሌላውን ስትሮክ የሚሉት ነገር ጠራርጎ ወስዶታል። ውሃ ሲሰጡት «ቆይ»፣ ትራሱን ሲያቀኑለት «ቆይ»፣ ጠያቂ ሊሰናበተው ሲነሳም «ቆይ»። አንዳንዱ ጠያቂ እውነት መስሎት ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሚስቱም በሆዷ ትረግመዋለች።

ሴት ልጁን ሰፈሩ ሁሉ ቃሪያ ይላታል፤ ስሙ የወጣላት በምላሷ ነው። ትምህርቷን በአምስተኛ ክፍል ትታ አባቷ ሱቅ የገባች፣ ቁልፍ እየተከለች፣ የተበላሸ ስፌት እየተረተረች ያደገች ልጅ ናት። ደንበኛ ሱሪ ይዞ መጥቶ ጠበበኝ ሲላት፣ ሱሪው እንኳ አልጠበበም፣ የሰፉት እርስዎ ነዎት ብላ ትመልሳለች። አባቷ እሷን በዓይኑ ገርምሞ ደንበኛውን ይቅርታ ሲጠይቅ ነው የኖረው።

ማምሻውን ግን ያ ምላስ አይረዳትም። ፀሐይ በመስኮቱ ስታዘቀዝቅ አባቷ በደህና እጁ መጽሐፍ ቅዱሱን ከራስጌው ይስባል። በብርድ ልብሱ ላይ እየገፋ፣ እያረፈ፣ እሷ ጉልበት ድረስ ያመጣዋል። ከዚያ ዓይኑን ይተክልባታል። ከመጽሐፉ የሚፈልገው ነገር አለ። ምን እንደሆነ መናገር አይችልም፤ እሷም ልታገኝለት አልቻለችም።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እራት ሲነሳ እሱ ያነባል፣ እነሱ ይሰማሉ። አንድ ምዕራፍ፣ ካቆመበት ቀጥሎ፣ ሳይዘል። ልብስ ከቁርጡ ይጀመራል እንጂ ከቁልፉ አይጀመርም ይል ስለነበር፣ መጽሐፉንም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይዘልቅና እንደገና ሀ ብሎ ይነሳል። ቃሪያን ግን በየመሐሉ ጥያቄ ያንቃታል። እባቡ በምን ቋንቋ ነበር ያወራው? መርከቧ ውስጥ የዚያን ሁሉ እንስሳ ፋንድያ ማን ያወጣ ነበር? አባቷ ቀና ሳይል «ዝም አይነቅዝም» ይላትና ይቀጥላል። እሷም ጥያቄዋን ውጣ ትተኛለች።

አሁን አንባቢዋ እሷ ሆነች። መጀመሪያ እሱ ካቆመበት፣ ለምልክት ክር ከሰካበት ገጽ ጀመረች። ዕድል ሆኖ ያቆመው የነገዶች ቆጠራ ላይ ነው። በጣቷ እየተከተለች፣ ስሙን ሁሉ እየሰባበረች ጥቂት እንደሄደች አባቷ «ቆይ» አለ። ቆመች። ጠበቀችው። ሌላ ነገር አልመጣም። ስትቀጥል «ቆይ» አለ፤ ደግማ ስትቀጥል ፊቱ ቀላ፣ ግራ እጁ ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ይኼ አይደለም ማለት ነው ብላ ዘጋችው።

ከዚያ መካሪው በዛ። አክስቷ መጣችና፣ ለታመመ ሰው መዝሙራቱ ናቸው እንጂ ቆጠራ ምን ይሠራለታል ብላ ተቆጣች። መዝሙራቱ ተነበቡ፤ «ቆይ» አለ። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤያቸው ጡረተኛው መምህር መጣ። ይኼ ሰው ጡረታ የወጣው ከደሞዙ ነው እንጂ ከጠመኔው አይደለም ትለዋለች ቃሪያ። በማስመሪያ የተሰመረ የንባብ ሰንጠረዥ ይዞላት መጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በየቀኑ ሦስት ምዕራፍ፤ ትእዛዙ በቀይ፣ ተስፋው በሰማያዊ ይሰመራል፤ በመጨረሻ የተገኘው ትምህርት ባንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ቃሪያ ልብስ የምታሰምርበትን ቀይና ሰማያዊ ጠመኔ ከሱቅ አምጥታ ሞከረችው። አባቷ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ገና በመጀመሪያው መስመር «ቆይ»። የተገኘ ትምህርት በሚለው ቦታ ምን ትጻፍ? ባዶውን ተወችው።

ዓይኔን ጨፍኜ ልግለጠው ያለችበት ቀንም ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የወጣላት የሻገተ ልብስ ሕግ ነው፤ ልብሱ ለካህኑ ይታያል፣ ይታጠባል፣ አልለቅ ካለ የተበላሸው ይቀደዳል። «አባዬ፣ ደንበኛ መጣልህ» አለችው። የአባቷ ደህናው የከንፈሩ ጫፍ ተነሳ። ሳቀ! በማግስቱ እዚያው ላይ ከፍታ፣ ድምፅዋን አሳምራ ያንኑ አነበበችለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ካልሆነስ ብላ በዓይን ምልክት ሞከረች። አዎ ከሆነ ዓይንህን ጨፍን፣ አይ ከሆነ ክፈት። ለሁሉም ይጨፍናል፣ ለሁሉም ይከፍታል። ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ ይኖራል እንዴ?

አንድ ቀን ቁልፍ እየተከለች ድንገት ትዝ አላት። አንደበቱ የተዘጋ ካህን አለ፤ ልጁ እስኪወለድ መናገር ያቃተው። ይኼን እንዴት ረሳሁት ብላ መርፌውን ኮት ላይ እንደሰካች ተወችው። ያን ማምሻ መጽሐፉ ጉልበቷ ሳይደርስ ተቀበለችው፣ ገለጠች፣ አነበበች። አባቷ ዝም ብሎ ሰማ። ካህኑ ከቤተ መቅደስ ሲወጣ በእጁ እየጠቆመ መናገር እንዳቃተው ስታነብ፣ የአባቷ ትንፋሽ ቆመ። አገኘሁት አለች በሆዷ። ቸኮለች። ዘልላ የካህኑ አፍ የተከፈተበት ጋ ደረሰች፤ እዚያ ሰውዬው ይናገራል፣ ያመሰግናል፣ ሰው ሁሉ ይደነቃል። አባቷ «ቆይ» አለ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ»፤ እንባው ወደ ጆሮው እየወረደ፣ እጁ የውሃውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ በትኖ።

ያኔ ገባት። የዚያ ሰው አፍ ተከፍቷል።

እናትየዋ መጥረጊያ ይዛ ገባች። ምን አልሽው ብላ ልትጮህ ነበር፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ተወችው። ስብርባሪውን ጠርጋ ስታበቃ ቃሪያን ደረጃው ላይ አገኘቻት፤ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጠች። ቃሪያ ሁሉንም ተናገረች፤ የትም ብትገልጥ አቁሚ እንደሚላት፣ እንደማይሆን፣ ከዚህ በኋላ የት እንደምትፈልግለት እንደማታውቅ።

«አቁሚ ማለቱ መሆኑን ማን ነገረሽ?» አለች እናትየዋ።

«ቆይ አይደል የሚለው?»

«ቆይ ነው የሚለው። እዚያው ቆዪልኝ ማለቱ ቢሆንስ? አንቺ ደግሞ በላዩ ላይ ትዘጊበታለሽ።»

«ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ።»

ቃሪያ ያለፉትን ማምሻዎች መልሳ አሰበች። ያ ሁሉ ማምሻ እሱ አትሂጂብኝ እያለ ሲለምናት እሷ እየዘጋችበት ከነበረስ? ወይም ደግሞ በእውነት ተይኝ ሲላት አሁን ልትቀመጥበት ቢሆንስ? መፍቻ የለውም። የተሰፋውን ልብስ ተርትረው ያዩታል፤ ሰውን በየት በኩል ይተረትሩታል?

በማግስቱ መጽሐፉ እንደ ልማዱ ጉልበቷ ድረስ መጣ። «አባዬ፣ የምትፈልገውን አላውቀውም» አለችው። «ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።» ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። አጭር ስለሆነ ብቻ፣ ሽባውን ሰው አራት ሰዎች ጣራ ነድለው ከነአልጋው ያወረዱበትን ገለጠች። ጣራው ጋ ስትደርስ «ቆይ» አለ። አልዘጋችም፤ አልቀጠለችምም። ጣቷ መስመሩ ላይ እንዳለ ቆየች። ከዚያ ከልጅነቷ ጀምሮ የዋጠችው ጥያቄ አፈትልኮ ወጣ። «ጣራው ግን የማን ነበር? ማን ጠገነው? የቤቱ ባለቤት ስንት የተሳደበ ይመስልሃል?»

አባቷ ተመለከታት። አስተያየቱ ዝም አይነቅዝም የሚል አልነበረም። መሳቁን ግን እንጃ፤ መቆጣቱንም እንጃ።

ከዚያ ወዲህ አነባበቧ ይኼው ሆነ። «ቆይ» እስኪል ታነባለች፤ ሲል እዚያው ትቆያለች፣ የመጣላትን ትጠይቀዋለች፣ ሲበቃት ዝም ትላለች። በማግስቱም ከዚያችው መስመር ትነሳለች። ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ቀዩም ሰማያዊውም የለበትም። እንዲህ ስታነብ ከድሮው ይልቅ ቃሉ ይገባታል፤ የአልጋው ክብደት፣ ከላይ የሚወርደው አቧራ፣ በገመድ ላይ የተንጠለጠለው ሰውዬ ይታያታል። ግን ለራሷ የገባት ለአባቷ ምን ያደርግለታል? ምናልባት እሱ ሌላ ቦታ እየለመናት እሷ ላዩ ላይ ትለፈልፍበት ይሆናል። ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ጥያቄዋን አቋርጣ ወደ መስመሩ ትመለሳለች።

መምህሩ ሊጠይቅ ሲመጣ ዓይኑ በቀጥታ ባዶው ሰንጠረዥ ላይ አረፈ። የት ደረሳችሁ አላት።

«ጣራው ላይ ነን፣ ጋሼ።»

«ባለፈውስ ጣራው ላይ አልነበራችሁም?»

«አልወረደም ገና።»

ያ ሰንጠረዥ ለዚህ ነው የተሠራው፣ አንድ ቦታ ተወሽቆ መቅረት እንዳይኖር ብሎ ጀመረ። ቃሪያ አቋረጠችው። «ጋሼ፣ ሰዎቹ ገመዱን ይዘው ሳሉ ክንዳቸው ዛለ ይላል እንዴ?»

«አይልም፣ ልጄ።»

«ቢዝልስ?»

መምህሩ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አዞረው። አላውቅም አለ። ቃሪያ ይህን ቃል ከመምህሩ አፍ ሰምታ አታውቅም።

እናትየዋ ገባች። አባትየው ጎኑ እንዳይቆስል የሚገለበጥበት ሰዓት ነበር፤ እንግዳ ካለ አይቀር አግዘን አለችው። አንሶላውን ከሥሩ ያዙ። መምህሩ በራስጌ አንዱን ጫፍ፣ እናትየዋ ሌላውን፣ ቃሪያ በግርጌ አንዱን። አራተኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ቃሪያ እጆቿን ዘርግታ ሁለቱንም ሰብስባ ጨበጠች። አነሱት። አባቷ ከፍራሹ ትንሽ ከፍ እንዳለ፣ ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ፣ «ቆይ» አለ።

ሁሉም ባሉበት ቀሩ።

«እናውርደው?» አለች እናትየዋ በሹክሹክታ። መምህሩ ወደ ቃሪያ አየ፤ እናትየዋም ወደ እሷ አየች፤ አንባቢዋ እሷ ናትና ታውቃለች ብለው። ቃሪያ የአባቷን ፊት አየች። ደግማ አየች። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አጣች። ክንዷ ይዝል ጀመር፤ ጣቶቿ ውስጥ አንሶላው ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ነው። አጥብቃ ያዘችው፣ እዚያው ቆየች።