ልጄን ተከትዬ መቻራ

«ኡሚ፣ ብመረጥ ደስ ይልሻል?» ብላ ፈርዶሳ ጠየቀችኝ። ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ የታጠፈውን መልሼ ዘርግቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

ልጄ እዚህ ጭሮ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ ጋዜጠኛ ናት። በዚያ ሳምንት ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የተሰበሰቡ ጋዜጠኞች በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይሠለጥኑ ነበር። ሥልጠናው ስለ ንግድና ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንዴት እንደሚዘገብ ነው። እኔ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። በሆቴሉ በር የተሰቀለውን ጨርቅ ቆሜ አንብቤ እስክጨርስ ዘበኛው ሰው የምጠብቅ መስሎት ወንበር አመጣልኝ።

አሠልጣኟ ኑሃሚን የመጣችው ከአዲስ አበባ ነው። የአየሩ መለወጥ የአንድን ነጋዴ ሥራ እንዴት እንደለወጠው ከራሱ አፍ ቀርጻችሁ አምጡ አለቻቸው። ከሁሉ የተሻለ ዘገባ ያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ዓመት ይሠራል። ፈርዶሳ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በራ። ለእኔ የታየኝ ግን ባዶ አልጋዋ ነው።

እሷ መቻራ ሄጄ የቡና ነጋዴ አነጋግራለሁ አለች። መንገዱ መጥፎ ነው፣ ብቻሽን አትሄጂም ብዬ ምሳ ቋጥሬ ተከተልኳት። እናቷን ይዛ የምትዞር ጋዜጠኛ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ እያለች ተነጫነጨች። አቧራው አፋችንን እስኪያዘጋን ድረስ ስንጨቃጨቅ ሄድን።

መቻራ ሐጂ ሙሜ የሚባሉ ቡና ሰብሳቢ አሉ። ፈርዶሳ መቅረጫዋን አስጠግታ ዘንድሮ ገቢዎ ከአምናው ጋር ሲወዳደር እንዴት ነው አለቻቸው። ሐጂ መቅረጫውን አዩ፣ እሷን አዩ። ከገቢዎች ቢሮ ለግብር የተላከች መሰለቻቸው። ሥራ እንደሌለ፣ ቡና እንደሌለ፣ እሳቸውም ነጋዴ እንዳልሆኑ ነግረዋት በቡናው ጆንያ መሀል ገብተው ጠፉ። ወሬው ቀድሟት ስለ ሄደ ሌሎቹም ዘንድ ስትደርስ የመቻራ ነጋዴ ሁሉ ባንዴ ደሃ ሆኖ ቆያት።

መጥታ ከዛፉ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀመጠች። አላማረረችም። ባዶ እጇን ከተመለሰች አትመረጥም፤ ካልተመረጠች አትሄድም። የልቤ ደርሶልኛልና ምሳዬን በደስታ መብላት ነበረብኝ። ግን ውሃ እንኳ አልጠጣም ስትለኝ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ቋጠርኩት። ተነሥቼ ወደ ሐጂ መጋዘን ሄድኩ።

ያሰብኩት ልለምናቸው ነበር። ስሜን ነግሬያቸው አፌን ስከፍት የወጣው ግን ያለው እውነት ነው። ልጄ መሆኗን ነገርኳቸው። ጥሩ ነገር ካገኘች አዲስ አበባ ትሄድብኛለች፣ ስለዚህ ባይነግሯት ደስ ይለኛል፣ ባይነግሯት ደግሞ ፊቷን ማየት አልችልም አልኳቸው። መሀሉ ላይም አለቀስኩ።

ሐጂ ሙሜ እስክጨርስ ሰሙኝና መሳቅ ጀመሩ።

«አቦ፣ የገቢዎች ሰው እናቱን አስከትሎ አይመጣም» አሉ። «ጥሪያት፣ አዴ ጣሂራ።»

ከዚያ በኋላ ዝም የሚያሰኛቸው ጠፋ። ዝናቡ ጊዜውን እየሳተ ቡና በሚሰጣበት ወር ይጥል ጀመር። የተሰጣው ሲሻግትባቸው ሸራ ገዝተው መሸፈን ያዙ። ገበሬዎቹ ይህን አይተው ሸራ አውሱን እያሉ መጡ። የተዋሱት አልመለስ ሲላቸው ሐጂ ማከራየት ጀመሩ። አሁን ኪራዩ ከቡናው የበለጠ ሥራ ሆኖባቸዋል፤ ሰዉም «ሐጂ ሸራ» ብሎ ይጠራቸዋል።

«ድሮ ደመና ሳይ ዱዓ አደርግ ነበር» አሏት። «አሁንም አደርጋለሁ፤ ግን እጄን ዘርግቼ በሐሳቤ ሸራ እቆጥራለሁ።»

ፈርዶሳ እየሳቀች መቅረጫውን ይበልጥ አስጠጋችላቸው።

ዘገባው በአዳራሹ ሲሰማ እኔም በር ላይ ቆሜ ነበር። ሐጂ ስለ ሻገተው ቡና አዝነው ሲናገሩ ከኋላ አንዲት ሴት «ፈርዶሳ፣ ከፀሐይ ውጪ አላልኩሽም?» አለች። እኔ ነኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከቦኬ የመጣው ጋዜጠኛ ታጁዲን፣ እኔም እናቴን ይዤ ብወጣ ኖሮ ነጋዴ አይሸሸኝም ነበር አለ። ኑሃሚን እንባዋን እየጠረገች ዘገባው አየር ላይ ሲውል ግን የእኔ ድምፅ ይቆረጥ አለች። ምንም አልራራችልኝም።

ተመርጣ ስሟ ሲጠራ ልጄ መጀመሪያ ያየችው ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ነው። አዳራሽ ውስጥ እልል ይባል አይባል አላውቅም፤ ብቻ እልል ብዬ ተገኘሁ። ሌሎቹም ተቀበሉኝ።

ፈርዶሳ እሑድ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እኔ ጭሮ ቀረሁ።