አየለች የደፈነችው ጀሪካን

ሚስቴ አየለች አንዴ ካለች አለች ነው፤ እኔ ልመልሳት ብዬ ስንት ጊዜ ደከምኩ!

ጂንካ ገበያ እኔ ጫማ እጠግናለሁ፣ እሷ የተሰነጠቀ ጀሪካን ትደፍናለች። የአሮጌ ጀሪካን ቁርጥራጭና እኔ የጣልኩትን የኮንጎ ፕላስቲክ ጫማ አንድ ላይ ታቀልጥና በጋለ ቢላ ትለስነዋለች። ጫማው ሲገባበት እንደ ቅቤ ስለሚለሰልስ ደስ ይላታል። ጂንካ ላይ አንድም ሰው አፈሰሰብኝ ብሎ አያውቅም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ግን ሻንቆ የሚባል ከሞቃቱ ቆላ ከአርቦሬ የመጣ ሰው በጭነት መኪና መጥቶ ጀሪካኑን እግራችን ሥር ወረወረው።

«ሚስቴን ሊገድል ነበር!» አለ። ውሃ ተሸክማ ስትመለስ፣ በቀትር ፀሐይ አየለች የደፈነችው ቦታ ተከፍቶ ውሃው አልቋል። ሴትዮዋን መንገድ ላይ ወድቃ አገኟት። ሁለተኛ አልሸከመውም ብላ ምላለች፤ ቤታቸው ደግሞ ሌላ ጀሪካን የለም።

«ይቅርታ ጠይቀሽ ሸኚው» አልኳት።

«በይቅርታ ውሃ ይቀዳል እንዴ? ዝም በል!» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጀሪካኑን ፍል ውሃ ሞላችበት። ሲሞቅ ተለጠጠ፤ ድፍኑ ግን ከሱ እኩል አልተለጠጠም፣ ጠርዙ ብድግ አለ።

«አየህ? እኩል የማይሰፋ ነገር ነው የለጠፍኩበት። ጫማህ ይቅርብኝ!»

ያለን ቁርጥራጭ ሁሉ ቀድሞ ከጫማ ጋር ቀልጦ ነበር። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የቤታችንን አዲስ ጀሪካን አንስታ በመጋዝ ለሁለት!

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ?» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላም አላየችኝ። ከሱ ቁራጭ አቅልጣ የሻንቆን ጀሪካን ደፈነችው፣ በፍል ውሃ ደጋግማ ፈተነችው። አብረው ተለጠጡ፣ አብረው ተኮማተሩ።

«እኔው አደርሰዋለሁ» አለች። ብቻዋን ልተዋት? ተከተልኩ።

አርቦሬ ስንደርስ የሻንቆ ሚስት ጀሪካኑን አይታ ፊቷን አዞረች። አየለች አልተከራከረቻትም። በማግስቱ ሁላችንም ውሃ መቅጃው ድረስ ሄድን። አየለች ሞላችው፣ ጀርባዋ ላይ አሰረችውና ያንኑ መንገድ በቀትር ተያያዘችው። ሌላ ውሃ አልያዝንም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔማ በሆዴ እጸልያለሁ።

ሴትዮዋ ከኋላዋ እየተከተለች ድፍኑን በእጇ ትዳስሳለች። ደረቅ ነው። ትንሽ ሄዳ ደግማ ትዳስሳለች።

«የወደቀችው እዚህ ነው» አለኝ ሻንቆ።

ሚስቱም እዚያው ቆመች። የአየለችን ትከሻ ይዛ አስቆመቻት፣ ገመዱን ፈታች፣ ጀሪካኑን በራሷ ጀርባ ላይ አሰረች። ቀድማን ሄደች።