ወደ ኋላ የታጠበው ሸሚዝ

ድሬዳዋ ፊልም የምታውቅ ከተማ ናት። ሌላው አገር ስለ ሲኒማ በወሬ ሲሰማ እዚህ ሰው በወንበር ይጣላ ነበር። የሚወደውንም ለይቶ ያውቃል፤ የህንድ ፊልም። ዘፈን ይኑረው፣ ቡጢ ይኑረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጇ የጠፋባት እናት ትኑረው። ቋንቋውን የሚሰማ የለም፣ በዚህ የሚቸገርም የለም። ሱማሌው በሱማሊኛ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ፣ አደሬው በአደርኛ፣ አማራው በአማርኛ አክተሩን ይመክረዋል፣ ይሰድበዋል፣ ከኋላህ መጣብህ ዙር ይለዋል። ሲያለቅስም አብሮ ነው፤ ሴቱ ነጠላውንና ሻሹን እያራሰ፣ ወንዱ ጨለማውን ተማምኖ። መብራት ሲበራ ሁሉም ዓይኑን ጠራርጎ፣ ቀለል ብሎት፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሰገደች ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ለገሀሬ የምትኖር የባቡር ሠራተኛ ሚስት ናት። ባሏ ሣህሉ ባቡር ጋራዥ መካኒክ ነው። እሷ ደግሞ በአፏ የታወቀች፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ሰልፉን ሁሉ አስቃ የምትመለስ ሴት ነበረች። ነበረች ነው የሚባለው፤ ሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ወንዱን ልጇን ወሰዱባት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ትንሽ የምንጠይቀው ነገር አለ፣ አሁን ይመለሳል ብለው ነው የወሰዱት። ከቀናት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ዳር ተጥሎ አደረ። አስከሬኑን አልሰጧቸውም። ይልቅስ አብዮት ጠባቂዎች ቤት ድረስ መጡና ለአናርኪስት እንደማይለቀስ፣ ጥቁር እንደማይለበስ፣ ድንኳን እንደማይጣል፣ ለቅሶ ደራሽም እንደማይገባ ነግረዋቸው ወጡ። አንደኛው በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና ትንሿን ልጅ የሺአረግን አየት አድርጎ፣ እሷስ ስንተኛ ክፍል ናት ብሎ ጠየቀ።

ከዚህ በላይ ማስፈራሪያ አላስፈለገም። ሣህሉ በሩን ዘግቶ፣ የሚስቱን ትከሻ በሁለት እጁ ይዞ፣ ያለችንን እንዳናጣ ቻይው አላት። ቻለችው። እንባ ግን ቻይው ሲሏት የሚቻል ነገር አይደለም። ሽንኩርት ልትከትፍ ትቀመጥና ገና አንዷን ሳትጨርስ የጥበቃው ቆብ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ምሰሶ ተደግፋ ልታለቅስ ብትሞክር ከጎኗ የቆመውን ሰው ማንነት አታውቅም። እንዲህ እያለች ከሰውነት ተራ ልትወጣ ደረሰች።

መላውን ያመጣችው ኻድራ ናት። ኻድራ ቀፊራ ገበያ ቴምርና ቅመም የምትሸጥ፣ ቤታቸው አንድ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤቷ ናት። ያንን ልጅ ከእናቱ እኩል አዝላዋለች። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ተነሺ ሲኒማ እንሄዳለን አለቻት። አሰገደች ምን ነካሽ በሚል ዓይን አየቻት።

"ወላሂ ተነሺ አሰጉ" አለች ኻድራ። "እዚያ ሁሉም ያለቅሳል። ማን ሞቶብሽ ነው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።"

ሄዱ። ህንዷ እናት ልጇ ከእጇ አምልጦ በሰው ብዛት ውስጥ ሲጠፋባት ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ተነፋረቀ፤ አሰገደችም ስታፍነው የከረመችውን ለቀቀችው። ፊልሙን አላየችውም። ኻድራ በአንድ እጇ የራሷን እንባ እየጠረገች በሌላው የእሷን እጅ ጨብጣ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ሆነ። ቲኬት ቆራጩ፣ እትዬ አሰገደችን በስተርጅና የህንድ ፍቅር ያዛቸው እያለ ይስቅባት ጀመር። ሣህሉም የት እንደምትሄድ እያወቀ እንዳላወቀ ሆነ። አንዲት እናት ለልጇ የምታለቅስበት ቦታ አጥታ ቲኬት ቆርጣ ስትገባ፣ ሲያስቡት ያንገበግባል።

ሰኔ ላይ ይህችም በዛችባት። ጓድ ሀብቴ የሚባል ካድሬ ለቀበሌው ተመደበ። ሙሉ ስሙ ሀብተ ማርያም ነው፤ ማርያምን ከስሙ ቆርጦ ጥሏት ነው። የህንድ ፊልም ሰፊውን ሕዝብ ያደነዝዛል ተባለና ቆመ። በምትኩ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ፊልም በባቡር መጣ። እሁድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ እንዲገኝ፣ ከፊልሙም ቀጥሎ ውይይት እንደሚደረግ ተለፈፈ። የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት አልተነገረም፤ መንገርም አላስፈለገም።

አሰገደች ብዙም አልከፋትም። ፊልም ያው ፊልም ነው፣ አንድ የሚሞት ሰው አይጠፋውም ብላ ነው የሄደችው። የሺአረግ ራሷን አሟት ቤት ቀርታለች። ሣህሉ ከጋራዥ ጓደኞቹ ጋር ከኋላ ተቀመጠ፤ እሷና ኻድራ እንደ ልማዳቸው መሀል ላይ።

ፊልሙ ተጀመረ። ዘፈን የለም፣ ንግግር የለም። ሣር የበቀለበት አንድ ግቢ፣ ከዛፍ ዛፍ የተወጠረ ገመድ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ባልዲ ይዛ መጣችና ሸሚዝ ታጥብ ጀመር። ታጥባለች፣ ትጨምቃለች፣ ታሰጣለች። ከዚያ ሌላ ሸሚዝ። ከዚያ ሌላ። ሁሉም የወንድ ነው። ሕዝቡ አሁን ባል ይመጣል፣ አሁን ጠላት ይመጣል እያለ በትዕግሥት ጠበቀ። ነፋስ ብቻ መጣ። ሸሚዞቹ ተነፉ፣ እጅጌያቸውን አወናጨፉ፣ ተመልሰው ተንጠለጠሉ።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ጡረታ የወጣው ፋራህ ከፊት ወንበር ሆኖ መቼ ነው የሚዋጉት ብሎ ጠየቀ። ሸሚዞቹ እየተዋጉ አይደል እንዴ አለው ከጎኑ ያለው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ ሳይ ከርሜ እሁድም ጨርቅ ብሎ ተማረረ። ጓድ ሀብቴ ግድግዳውን ተደግፎ ጸጥታ ጸጥታ ይላል፤ እሱም ግን ሰዓቱን በስርቆት ሲያይ ታይቷል።

ይሄኔ ፊልሙ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ሴትዮዋ በጀርባዋ እየተራመደች ወደ ገመዱ መጣች። ደረቁን ሸሚዝ ስታወርደው እጇ ላይ ረጠበ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው ገባ። ከባልዲው ሲወጣ ቆሽሾ ወጣ። የአንገትጌው ላብ ተመለሰ፣ ክርኑ ላይ የነበረው ጭቃ ተመለሰ። ሴትዮዋ አንገትጌውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በረጅሙ ሳበችው።

ቤቱ በፉጨት ተናጋ። ገልብጦ ነው የጫነው የሚለው ጩኸት በየቋንቋው ተነሳ፤ ወንበር ተደበደበ፣ የኦፕሬተሩ እናት ተሰደበች።

አሰገደች ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማችም። ልጇን በወሰዱት ማግስት፣ አሁን ይመለሳል ያሏትን አምና፣ ሲመጣ ንጹሕ ይልበስ ብላ ልብሱን በሙሉ አጥባ ነበር። ሸሚዙን፣ ካልሲውን፣ አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን ሳይቀር። የድሬዳዋ ፀሐይ ቶሎ አደረቀላት፤ አጣጥፋ አልጋው ላይ ደረደረችው። መርዶውን የሰማች ለት ሮጣ ሄዳ ልብሱን አቅፋ አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና አለ። የልጇን ጠረን በገዛ እጇ አጥባ ደጅ ደፍታዋለች። ይህን ለኻድራም ለሣህሉም ተናግራ አታውቅም፤ ሌሊት እየተነሣ የሚያቃጥላት ግን ይሄ ነው። አሁን እዚያ ሸራ ላይ አንዲት የማታውቃት ፈረንጅ እድፉን እየመለሰችው ነው።

አለቀሰች። በህንድ ፊልም ስታለቅስ ልቅሶዋ ከሰው ልቅሶ ጋር ይቀላቀል ነበር። ይሄኛው ለብቻው ወጣ።

ድንገት መብራት በራ። ሁካታው ስለበዛ ያስበራው ጓድ ሀብቴ ነው። ኦፕሬተሩ ዓብዱልአዚዝ በትንሿ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ በአላህ ስም እኔ አልገለበጥኩም፣ ሲሠሩትም እንዲህ ነው ብሎ ማለ። ሕዝቡ እሱን ሊያይ ወደ ኋላ ሲዞር መሀል ላይ ፊቷ በእንባ የራሰ ሴት አየ። ጫጫታው ከእሷ አጠገብ ጀምሮ እየከሰመ ሄደ። የማን እናት እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ጓድ ሀብቴም ያውቃል። በወንበሮቹ መሀል እየተሽሎከለከ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

"እናት፣ ምን ያስለቅስዎታል? ሌላው ሕዝብ ሲያፏጭ እርስዎ ያለቅሳሉ።"

ኻድራ አፏን ስትከፍት አሰገደች ጉልበቷን ጫን አለቻት። ለራሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነቱን እዚያው ፊቱ ላይ ትነግረው ነበር፤ ቢገድሏትም ዕረፍቷ ነው። ግን ያ ስንተኛ ክፍል ናት ያለው ጥበቃ መውጫው ላይ መሣሪያውን አንግቶ ቆሟል፤ የሺአረግም ቤት ብቻዋን ናት።

"እንዴት አላለቅስ ጓድ ሀብቴ?" አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። "ያን ሁሉ አጥባ፣ ጨምቃ፣ አድርቃ ስታበቃ መልሳ ታቆሽሸዋለች እንዴ? ሳሙናውስ? ወገቧስ? ለእሷ እኔን አመመኝ እኮ።"

መጀመሪያ ፋራህ ሳቀ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። የድሮዋ አሰገደች መጣች ተባለ። ጓድ ሀብቴ ራሱ ሳቀ፤ ለእሱ ደግሞ መዳኛው ሆነለት፣ ስለዚያ ፊልም የሚናገረው ጠፍቶት ሲጨነቅ ነበርና። እጁን አንሥቶ፣ እኚህ እናት በትክክል ገብቷቸዋል፣ ፊልሙ የሚያሳየን በአድኃሪው ሥርዓት የሠርቶ አደሩ ጉልበት እንዴት በከንቱ እንደሚባክን ነው አለ። ተጨበጨበ። አሰገደች ከዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል የባሏን ሳቅ ለየችው። ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር።

መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲቀጥል እስከ መጨረሻው ወለል ወለሉን አየች። ቀና ካለች እንደማትችለው አውቃዋለች።

ሲወጡ ሰው ሁሉ በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻዋን ቸብ እያደረገ አለፈ። ሣህሉ ደረሰባትና ደህና መለስሽ አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ያን ዕለት ራቱን ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ በፊት ግን፣ እሱ ቀድሟቸው ሄዶ አሰገደች መንገድ ላይ ከኻድራ ጋር ብቻዋን ስትቀር፣ መጨረሻው ምን ሆነ ብላ ጠየቀቻት። ኻድራ ልትሸሽ ሞከረች፣ አሰገደች ግን አለቀቀቻትም።

"ሰውዬው መጣ" አለች ኻድራ በመጨረሻ። "በጀርባው እየሄደ በበሩ ገባ። ቆሻሻውን ሸሚዝ አለበሰችው፣ ቁልፉን ቆለፈችለት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቀ፣ አሰጉ።"

ፊልሙ በመጣበት ባቡር ተመለሰ። ከወዳጅ አገር የሚላኩ ሌሎችም ተከትለው መጡ፤ ወደ አዳራሹ ግን በጥበቃ ካልተነዳ በቀር የሚገባ ሰው ጠፋ። ሲኒማ ቤቱ ባዶውን መዋል ሲያበዛ የበላዮቹ ዓይናቸውን ጨፈኑና የህንድ ፊልም ተመለሰ። ለከተማው ሠርግ ሆነ። የመጀመሪያው እሁድ ኻድራ ንጹሕ ሻሽ አሥራ መጣች፤ አብረው ሄዱ፣ የለመዱት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

በዚህኛው ፊልም ጎርፍ የለያያቸው እናትና ልጅ ፍርድ ቤት ውስጥ ተገናኙ። ልጁ እግሯ ላይ ሲወድቅ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። አሰገደች ጠበቀች። እንባዋ ሊወጣ ሲል ግን ያ ሳቅ ይቀድመዋል። የፋራህ፣ የካድሬው፣ የባሏ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ሳቁ መጣ። ኻድራ በጨለማው ውስጥ እጇን ሰድዳ ፊቷን ልትጠርግላት ጉንጯን ስትዳስስ ደረቅ ሆኖ አገኘችውና እጇ እዚያው ቀረ።

"አልመጣም አለኝ" አለቻት አሰገደች በሹክሹክታ። "በልጄ ቀለድኩበት፣ ኻድራ።"

ኻድራ እጇን አውርዳ የእሷን እጅ ጨበጠች፤ አሰገደች ግን ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

"ህንዷን ተያት፣ እሷ ልጇን አግኝታለች። ለግዛቸው አልቅሺልኝ።"

ከሞተ ወዲህ ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ኻድራ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ አፏ ላይ አፍና ማልቀስ ጀመረች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ስሙን በልቧ እየጠራች። አሰገደችም ደረቅ ዓይኗን ሸራው ላይ ተክላ፣ የኻድራን ጀርባ በቀስታ እያሻሸች፣ አይዞሽ በቃሽ እያለች፣ ለገዛ ልጇ ለቅሶ ደራሽ ሆና ተቀመጠች።