የአበጋዝ ጋሻ

መምህር ንጉሡ ከሦስቱ የመጫወቻ ዳይሶች ሁለቱን አንስቶ ኪሱ ከተተና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ውጊያው በአንድ ዳይስ ነው» አለ።

ሰልሰቢል ዓይኗን ከኪሱ አልነቀለችም። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ከሙእሚን ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ሲጫወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ጨዋታውን ወደ መካነ ሰላም ያመጣው ራሱ ንጉሡ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ የለመደውን ከአገሩ ገደልና ወንዝ ጋር አዋደደው። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሽፍታውንም፣ ነጋዴውንም፣ የወንዙን ሙላትም እሱ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረዋል፤ ያ ሰው የሚያደርገውን በአፋቸው ይናገራሉ፤ መሳካቱን ዳይስ ይፈርዳል። የሰልሰቢል ሰው አበጋዝ ይባላል። ግራ እግሩን የሚያነክስ፣ ከጦሩ ይልቅ በጋሻው የሚተማመን አዛውንት ነው። ያንን ጋሻ እጁ ለማስገባት ክረምቱን ሙሉ ሽፍታ ሲያሳድድ ከርሟል።

በድሮው ደንብ ጦር የተሰነዘረ እንደሆነ መጀመሪያ ለማግኘቱ፣ ቀጥሎ ጋሻው ለመመከቱ፣ ከዚያ ለቁስሉ ክብደት ዳይስ ይጣላል። ከዚያ መደመር፣ መቀነስ። አንዱ ፍልሚያ ሳያልቅ የመግሪብ ሶላት ይደርሳል። በአዲሱ ደንብ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ይጥላሉ፤ ያነሰው ይሞታል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ የሞተ አይመለስም።

«ጋሻውስ?» አለች።

«ጋሻ ቀርቷል።»

ነገር አለ፣ አለች በልቧ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያሉ ነው አባቷ ያሳደጓት። ባለፈው ወር ንጉሡን ጉንፋን ጥሎት አንድ እሑድ በእሱ ቦታ እሷ ጨዋታውን መርታ ነበር። ውጊያው ላይ ሲደርሱ ድምሩ ተምታታባትና አቋረጠችው እንጂ፣ ተረኩ አምሮላት ነበር። ሙእሚን አፉ አያርፍም፤ ንጉሡ እንደተሻለው፣ ከእሱ እሷ ትሻላለች ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። ንጉሡ ከአንገት በላይ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ልክ አይደለም። አራተኛዋ ተጫዋች ሄለን ከንጉሡ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ በዚህ ሳምንት ሰልሰቢል ሁለቱን መንገድ ላይ ሲንሾካሾኩ አግኝታቸው፣ ሲያዩዋት ዝም ብለዋል። ዛሬም ሄለን ሻይዋን እያማሰለች ቀና አትልም። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ንጉሡ ታሪኩን ቀጠለ። መንገደኞቹ ገደሉ አፋፍ ደርሰዋል። የሽፍቶቹ አለቃ ድልድዩን ዘግቶ ቆሟል፤ አበጋዝ ብቻውን ይምጣ ይላል። አበጋዝ ብቻውን! ሰልሰቢል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ሰውዬውን ጋሻውን አስጥሎ፣ በስም ጠርቶ ሊገድልባት ነው።

ንጉሡ የቀረችውን ዳይስ አነሣ።

«በሕግ አምላክ» አለች።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ይህን ቃል ወደ ጨዋታው ያስገባችው እሷ ነበረች። አያቷ ደም አስታራቂ ነበሩ፤ በሕግ አምላክ ሲባል የተመዘዘ ጩቤ ወደ አፎቱ ሲመለስ በዓይኗ አይታለች። በጨዋታቸውም በሕግ አምላክ የተባለ ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ፣ የተጠየቀውን በእውነት ሳይመልስ አይንቀሳቀስም።

«ሽፍታውን ነው?» አለ ሙእሚን።

«አይደለም። ንጉሡን ነው።»

ታሪኩን የሚተርከው ሰው ራሱ በሕግ አምላክ ተብሎ አያውቅም። ቢስቅባት፣ ይህማ ጨዋታ ነው ቢላት ምን እንደምታደርግ አላሰበችበትም ነበር። እሱ ግን ዳይሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አበጋዝን ለምን ልትገድለው ፈለግህ?»

«ልገድለው አይደለም» አለ። «ዝውውሬ ጸድቋል። ኩታበር፣ እናቴ አጠገብ። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ የለሁም።»

«ወላሂ እኔም አልሰማሁም» አለ ሙእሚን።

ሄለን ቀና አለች። ራሱ ይንገራት ብላ ነው ዝም ያለችው።

«ያን ቀን ስትመሪ ያቃተሽ ውጊያው ብቻ ነበር» አለ ንጉሡ። «ሙእሚን እውነቱን ነው፤ ሌላው ከእኔ ይበልጥ አምሮልሽ ነበር። እኔ ስሄድ ጨዋታው እንዳይቀር ያስቸገረሽን ቆረጥኩት። አበጋዝን ነጥዬ የጠራሁትም አዲሱን ደንብ በአንድ ፍልሚያ እንድታዪው ብዬ ነው። ልነግርሽ የምትሠሪበት ፋርማሲ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

ሰልሰቢል አፈረች። ከማፈሯ ይልቅ ግን ከፋት። ጠላት ሆኖ ቢገኝ ይቀላት ነበር፤ ከጠላት ጋር መከራከር ይቻላል።

«አብሽሪ» አላት። «ጋሻው ይመለስ ካልሽ ይመለሳል። ደንቡ የአንቺ ነው።»

ኪሱ የከተታቸውን ሁለት ዳይሶች አውጥቶ ፊቷ አኖረላት። እሷ አልነካቻቸውም። አንድ ነገር ትዝ አላት። ይህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ለእነሱ ሽፍታና ሙላት ሲሆን የራሱ የሚለው አንድ ሰው ኖሮት አያውቅም።

ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረች።

«ተነሣ» አለችው። ወንበሩን ለቀቀላት። ተቀመጠችበትና ብቸኛዋን ዳይስ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ገፋቻት። «እዚያ ተቀመጥ። አበጋዝን አንተ ያዘው። ሽፍታው እኔ ነኝ።»

«ጋሻውስ?»

«ጋሻ ቀርቷል። ድልድዩን ከተሻገረ ኩታበር ይዘኸው ትሄዳለህ።»

ንጉሡ ዳይሷን ጨበጠ። «ከሞተብኝስ?»

«ጣል» አለችው።